ቦርዱ አልታዘዝ ሲል፦ ከፊን የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሰርፍቦርድ፣ ማለትም ቆመን በባሕር ማዕበል ላይ የምንንሸራተትበት ሰሌዳ፣ አልዞር ሲል ወይም ከእግር ሥር ሲያመልጥ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሌላ ቦርድ ያምረዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቦርዱን ገልብጡትና ፊኖቹን፣ ከሥሩ በጅራቱ በኩል የተሰኩትን የዓሣ ክንፍ መሰል ነገሮች፣ እዩ እላለሁ። ፊን ትንሽ ነገር ቢመስልም ቦርዱ ውሃውን የሚይዘው በእሱ ነው። መጠኑን ወይም ቦታውን ትንሽ ስትቀይሩ የቦርዱ ጠባይ አብሮ ይቀየራል።

ከሁሉ በፊት አሰካኩን አረጋግጡ። የፊኑ ጫፍ ወደ ቦርዱ ጅራት ማዘንበል አለበት። ባለ ሦስት ፊን ቦርድ ላይ፣ የግራና የቀኙ ፊኖች አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ገጻቸው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጉብ ያለ ነው። ጠፍጣፋው ወደ ውስጥ፣ ጉብ ያለው ወደ ውጭ ይዞራል። የመሃሉ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ግራና ቀኙ ተቀያይረው ከተሰኩ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ አይሠራም። የተከራያችሁት ቦርድ ከሆነማ ይህን ሳታዩ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ።

ጅራቱ ተንሸራቶ ያመልጣል

ስትታጠፉ የኋላው ክፍል ድንገት ይለቃል፤ ቦርዱም ይሽከረከራል። የተለመደው መንስኤ ፊኑ ለክብደታችሁ ማነሱ ነው። አምራቾች በኪሎ ይከፋፍሉታል፤ በግምት ከ55 እስከ 70 ኪሎ ትንሹን፣ ከ65 እስከ 80 መካከለኛውን፣ ከ75 እስከ 90 ትልቁን። ድንበሩ ላይ ያላችሁ ሰዎች ለትልቅና ኃይለኛ ማዕበል ከፍ ያለውን፣ ለትንሽ ማዕበል ዝቅ ያለውን ምረጡ።

ሁለተኛው መንስኤ ቦታ ነው። ባለ አንድ ፊን ረጅም ቦርድ ላይ ፊኑ በረጅም ሳጥን (ቦርዱ ላይ ባለው የፊን መሰኪያ) ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ከመጠን በላይ ወደፊት ከሄደ ጅራቱ ልቅ ይሆናል። ቪቴውን አላሉትና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደኋላ ሳቡት። ከዚያ ገብታችሁ ሞክሩት። አሁንም ካመለጠ ጨምሩ። መነሻ ቦታው ካልታወቃችሁ የሳጥኑ መሃል ጥሩ ነው። መጠኑን ለመምረጥ ደግሞ አንድ የቆየ መመሪያ አለ፦ ለእያንዳንዱ ጫማ የቦርድ ርዝመት 1 ኢንች ፊን። ባለ 9 ጫማ ቦርድ 9 ኢንች አካባቢ ማለት ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ትንንሽ ፊኖች ካሉት ግን የመሃሉ ከዚህ ያንሳል።

ዛሬ በየቦርዱ የምናየው ባለ ሦስት ፊን አሰራር ራሱ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባለ ሁለት ፊን ቦርድ ገኖ ነበር። አውስትራሊያዊው ማርክ ሪቻርድስ ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖበታል። የአገሩ ልጅ ሳይመን አንደርሰን ግን ግዙፍ ሰው ነበር፤ ማዕበሉ ሲበረታ ባለ ሁለት ፊኑ ቦርድ ከእግሩ ሥር ይንሸራተትበታል። በ1980 በሁለቱ ፊኖች መሃል ሦስተኛ ፊን ጨመረ። በ1981 አውስትራሊያ ውስጥ ባለው ቤልስ ቢች ላይ በግዙፍ ማዕበል ውድድሩን አሸነፈ። ምልክቱን አይቶ መንስኤውን አገኘና ማስተካከያውን ራሱ ሠራው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

ፊኑ ደህና ሆኖም ጅራቱ ካመለጠ አቋቋማችሁን እዩ። ክብደታችሁ ፊት እግር ላይ ካመዘነ ጅራቱ ከውሃው ይነሳል። ከውሃ የወጣ ፊን ደግሞ ምንም አይይዝም።

አልዞርም ብሎ ይደርቃል

ይህ የቀደመው ተቃራኒ ነው። ፊኑ በጣም ትልቅ ነው ወይም በጣም ወደኋላ ተቀምጧል። በረጅሙ ሳጥን ላይ ወደፊት ግፉት። ባለ ሦስት ፊን ላይ ፊኖቹ ሳጥናቸው ውስጥ ስለማይንሸራተቱ፣ የመሃሉን ብቻ አነስ ባለ መተካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሦስቱንም ከመግዛት በፊት ይህን ሞክሩ።

ቅርጹም ወሳኝ ነው። ወደኋላ በጣም ያዘነበለ ፊን ረጅምና ሰፊ መታጠፊያ ይወዳል። ቆም ያለ ፊን ግን ባለበት እጥፍ ይላል። ማዕበላችሁ አጭርና ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ቆም ያለው ይሻላችኋል።

የኋላ እግራችሁን ቦታም አትርሱ። እግሩ ከፊኖቹ በላይ ካልሆነ ምንም ብትቀያይሩ ቦርዱ ደረቅ ነው።

ይጎትታል፣ አይፈጥንም

መጀመሪያ የባሕር ሣር ተጠምጥሞበት እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ማዕበሉ ደካማ ሆኖ ባለ ሦስት ፊን ይዛችሁ ሊሆን ይችላል፤ የመሃሉ ፊን ውሃውን አጥብቆ ቢይዝም በተወሰነ ደረጃ ይጎትታል። ቦርዳችሁ አምስት ሳጥን ካለው የመሃሉን አውጡና አራት ፊን ስካሉ። ለትንሽና ለስላሳ ማዕበል የእኔ ምርጫ ይሄው ነው።

እምምም የሚል ድምፅ

በፍጥነት ስትሄዱ ከሥር የሚመጣ ድምፅ ነው። ውሃው ከፊኑ የኋላ ስስ ጠርዝ ሲላቀቅ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ ፊኑን ያንቀጠቅጠዋል። ጠርዙ ከተሸረፈ ወይም ወፍራም ከሆነ ይህ ይብሳል። ፊኑን አውጡና ጥፍራችሁን በኋላው ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጥፍሩ የሚያዝበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት አርጥባችሁ በጠርዙ ርዝመት አሹት፤ በ400 ጨርሱት። ትንሽ ብቻ ነው የሚወሰደው። ጠርዙን እንደ ስለት አታድርጉት፤ ሲወድቁ የሚቆርጠው እናንተን ነው።

ፊኑ ይነቃነቃል

ጫፉን ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት። ጫፉ ታጥፎ ሥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጤነኛ መለመጥ ነው። ሥሩ ከተነቃነቀ ግን ልቅ ነው። አውጡት፣ ሳጥኑን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አሸዋውን አስወግዱ፣ መልሳችሁ ቪቴውን አጥብቁ። እስኪያቃስት ድረስ ግን አታጥብቁት፤ የቪቴው ራስ ወይም ጥርሱ ከተበላ ሌላ ጣጣ ነው። ከውሃ ስትወጡ ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ ማጠብም ይጠቅማል፤ የደረቀ ጨው ቪቴውንም ፊኑንም ሳጥኑ ውስጥ ያጣብቀዋል። ከተጣበቀ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት፣ በፎጣ ያዙትና ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዛችሁ ሳቡት። ወደ ጎን አትስበሩት።

ከፊኑ ጋር ሳጥኑ ራሱ ከተንቀሳቀሰ ወይም ዙሪያው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ግን የዕለቱ ሰርፍ አልቋል። ውሃ በስንጥቁ ወደ ውስጡ ፎም ይገባል፤ ቦርዱም እየከበደና እየላላ ይሄዳል። ፊኑን አውጡ፣ ስንጥቁን ወደ ታች አዙራችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በሬዚን (ፈስሶ በሚጠነክር ማጣበቂያ) አትድፈኑት፤ እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል።