ከአራት ኪሎ እስከ ሲሼልስ፦ የባሕር ወፍ ፎቶ ለማንሳት የሚጓዝ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምተዳደረው በሠርግ ፎቶ ነው። አራት ኪሎ ያለችው ስቱዲዮዬ በሁዳዴና በፍልሰታ ጭር ትላለች። ያችን ጊዜ ተጠቅሜ፣ ያጠራቀምኩትንም ይዤ፣ የባሕር ወፎችን ላነሳ ሁለት ጊዜ ወደ ሲሼልስ ደሴቶች ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ከሞላ ጎደል ከንቱ ነበር። ጥፋቱን መጀመሪያ በካሜራው፣ ቀጥሎ በአየሩ፣ በመጨረሻም በወፎቹ አሳበብኩ። በኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን አብዛኛው ስህተት ቦሌ እንኳ ሳልደርስ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ነበር።

ትልቁ ስህተት የራስን የዕረፍት ጊዜ አይቶ ቲኬት መቁረጥ ነው። በርድ የምትባለው ደሴት ከዋናዋ ከማሄ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በትንሽ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ዝናዋ ሱቲ ተርን በሚባሉት፣ ጀርባቸው ጥቁር ሆዳቸው ነጭ በሆነው ወፎች ነው። በመራቢያቸው ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ሜዳውን ይሸፍኑታል። እኔ በመጋቢት ስደርስ ገና መምጣታቸው ነበር። ከፍ ብለው ይዞራሉ፣ ይንጫጫሉ፣ አያርፉም። እንቁላል የሚጥሉት ከሰኔ ገደማ ጀምሮ መሆኑን የነገረኝ የደሴቱ ሠራተኛ ነው፤ ይህን እዚህ ሆኜ ልጠይቅ እችል ነበር። ሱቲ ተርን መሬት የሚፈልገው ለመራባት ብቻ ነው። ጫጩቱ አንድ ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ከበረረ ለዓመታት መሬት ሳይረግጥ ውቅያኖስ ላይ ይኖራል። ስለዚህ ለገና ዕረፍት የሄደ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው። እኔም ሰማይ ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ የሚመስል ፎቶ ይዤ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ጉዞ የሄድኩት በፍልሰታ ነው። አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ እዚያ ጫጩት ሞልቶ ነበር። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ በእነዚያ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው፣ አሪድን በመሳሰሉ በጀልባ ብቻ በሚደረስባቸው ደሴቶች ላይ መውረድ አስቸጋሪ ነው። አንዱን ሲያገኙ ሌላውን ያጣሉ። ሁሉንም በአንድ ጉዞ አያለሁ ብሎ መነሳትም ራሱ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከሙያዬ የመጣ ነው። ሠርግ ላይ ሰውን «ቀና በሉ፣ ወደዚህ ዙሩ» ማለት ለምጃለሁ። ነጩ ተርን ደግሞ ሰውን እምብዛም የማይፈራ፣ እጅ የሚደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያይ ወፍ ነው። ፊቱን እንዲያዞርልኝ አጨበጨብኩ። አስጎብኚው እጄን ያዘና በጣቱ አሳየኝ፦ ከወፉ ሆድ ሥር፣ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዲት እንቁላል። ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም። አንዲቷን እንቁላል በቅርንጫፉ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጥና ይታቀፋታል። ደንግጦ ብድግ ቢል ተንከባልላ መውደቋ ነው። የዚያን ቀን አልወደቀችም፤ እኔ ግን ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወፍ አንገቱን ካሰገገ ወይም ክንፉን ከፈት ካደረገ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ፍላሽም ሻንጣ ውስጥ ይቀራል።

ከተዘጋጀው መንገድ መውጣትም የዚሁ ዘመድ ነው። ሺርወተር የሚባሉት ወፎች መሬት ቆፍረው ነው የሚራቡት፤ ጉድጓዱ ከላይ ስለማይታወቅ አንድ ያልታሰበ እርምጃ ጣሪያውን ይደረምሰዋል። በሌሊት ድምፃቸው የሕፃን ለቅሶ ይመስላል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አማትቤአለሁ።

ሦስተኛው፣ ልምምዱን ደሴቱ ላይ መጀመር። በራሪ ወፍ ማንሳት እጅ የሚፈታበት ሥራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከጭልፊት የተሻለ መምህር የለም። ሉካንዳ ቤት ባለበት ሰፈር ሁሉ ጭልፊት ሲዞር ይውላል፤ ይወረወራል፣ ይታጠፋል፣ ቁራጭ ነጥቆ ይሄዳል። የካሜራውን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርገው ለአንድ ወር ጠዋት ጠዋት ይከተሉት። የሥጋ ቤቱን ባለቤት አስቀድሞ ማስፈቀድ ግን ግድ ነው፤ አንዱ ግብር ሊተምን የመጣ ሰው መስዬው ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶብኛል። አራት ኪሎ ላይ ደግሞ ረጅም ሌንስ ወደ የት እንደሚደቀን ማወቅ የራሱ ጥበብ ነው፤ ቤተ መንግሥት ባለበት በኩል ጭልፊቱን ይተዉት።

ብርሃኑም ቢሆን እዚሁ የሚለመድ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ስለዚህ ጥቁር ቅጠል መሀል ያለ ነጭ ወፍ ላባው ጠፍቶ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ደማቅ ሰማይ ላይ ያለው ደግሞ ይጠቁራል። በመጀመሪያው ሁኔታ ብርሃን መቀነስ፣ በሁለተኛው መጨመር ነው። ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ በአንድ ፎቶ ላይ አስማምቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። እኔን ግን ከብዶኝ ነበር፤ ወፍ ቆሞ አይጠብቅማ።

ጫማ ሳያጸዱ መሄድ ቀላል ይመስላል። እንጦጦ ሲወጡበት የሰነበቱበት ጫማና ካልሲ ላይ ጭጎጎት ወይም ሌላ የሣር ዘር ተጣብቆ ይቀራል፤ በትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ ባዕድ ዘር፣ ከሁሉም በላይ አይጥ፣ ጥፋት ነው። አይጥ እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ከ1968 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በጥብቅ የምትጠበቀው የኩዛን ደሴት እንግዶችን ከመጡበት ጀልባ አውርዳ በራሷ ጀልባ የምታስገባው ለዚሁ ነው።

ሌንስን በደረቅ ጨርቅ መፈተግም አይገባም፤ የባሕር ጨው መስታወት ይጭራል። ከቀዝቃዛ ክፍል ሲወጡም ሌንሱ በላቦት ይሸፈናልና ቦርሳው ተዘግቶ ሙቀቱን እስኪለምድ ይቆዩ።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሲሼልስ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። የጀልባው ወረቀት 9:00 ይላል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ 3 ሰዓት አልኩ፣ እጄ ላይ ያለው ሰዓት ግን ገና የአዲስ አበባ ነበር። በሰዓቴ 3 ሊሆን ሩብ ሲቀረው ተዝናንቼ ባሕሩ ዳር ስደርስ ጀልባዋ ከሄደች ቆይታለች። ቀኑ ዓርብ ነበር። ኩዛን ቅዳሜና እሑድ ጎብኚ አትቀበልም፤ የእኔ በረራ ደግሞ እሑድ ነው።