በስኖውሹ ወጥቶ በረዶ ላይ ማደር እንዴት ይታቀዳል?

በሰመር ኮሎራዶ ያለው ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ ሄጄ አማርኛ ሳልሰማ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የዴንቨርና የአውሮራ አበሻ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። በዊንተር ግን የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጫካው ይበልጥ የሚያምረው ያኔ ነው። ስኖውሹ (በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጡ ጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ) አድርጎ፣ ድንኳን ተሸክሞ፣ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ የተለየ ጉልበት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዝግጅት ነው። እኔ ተቀጥቼ ነው የተማርኩት፤ እናንተ እንዳትቀጡ ልንገራችሁ።

መንገዱ

ለመጀመሪያ ጊዜ አጭርና ለጥ ያለ መንገድ ምረጡ። ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ቤር ሌክ ወደሚባል ሐይቅ የሚወስደው አስፋልት በዊንተርም ስለሚጠረግ መነሻው እዚያ ቢሆን ይመቻል። ከፍታው 2,888 ሜትር ነው። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ጓደኛ ካላችሁ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ዴንቨር ይደር። ለማደር በዊንተርም ከፓርኩ ፐርሚት ያስፈልጋል። የት ማደር እንደሚፈቀድ እዚያው ጠይቁ።

በሰመር የምታውቁትን መንገድ ግን አትመኑት። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ቦታ ላይ ነው። መንገዳችሁ እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይም፣ ከሥሩም አይለፍ። የኮሎራዶ አቫላንሽ መረጃ ማዕከል አደጋውን ከ1 እስከ 5 ደረጃ እየሰጠ ትንበያ ያወጣል። ማታ አንብቡት፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ድገሙት።

ሰዓቱ

በታኅሣሥ ዴንቨር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ተራራ ሥር ደግሞ ቀድማ ትሸሸጋለች። ስለዚህ ድንኳኑ 9 ሰዓት ላይ ቆሞ ማለቅ አለበት። በስኖውሹ፣ ከባድ ሻንጣ ተሸክማችሁ፣ የሰመር ፍጥነታችሁን ግማሽ ቁጠሩ። ሌሊቱ ከ14 ሰዓት በላይ ነው።

ላብ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በረዶ ላይ ሰውን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ላቡም ነው። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ በጣም በረደኝና የያዝኩትን ሁሉ ደረብኩ። ከውስጥ የጥጥ ቲሸርት፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ወፍራም ጃኬት። ሽቅብ መውጣት ከጀመርኩ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ። ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ደርሼ ስቆም ቲሸርቱ ጀርባዬ ላይ እንደተለጠፈ ቀዘቀዘ። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። መቀየሪያ አልያዝኩም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ከሁሉም ያስፈራኝ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለው የድንኳኑን ዚፕ መሳብ ሲያቅተኝ ነው።

አሁን ስነሳ ትንሽ እየበረደኝ እነሳለሁ። ከሥር ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ፣ ከላይ ንፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት፣ በቃ። 10 ደቂቃ ሄጄ እቆምና እጄን በአንገቴ በኩል ሰድጄ ጀርባዬን እዳስሳለሁ። እርጥበት ካለ አንድ ልብስ አወልቃለሁ፣ ወይም እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ጓደኛዬ ቢቀድመኝም ይቅደመኝ። ወሬ እያወሩ መሄድ ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ወፍራሙ ጃኬት ቦርሳው አናት ላይ ይቀመጣል። የሚለበሰው ልክ ስቆም፣ ሰውነቴ ሳይቀዘቅዝ ነው። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ የውስጥ ልብስና ካልሲ ደግሞ በፌስታል ታስሮ ይያዛል። ቀን ላይ ምንም ቢመጣ አይነካም።

መኝታው

ብዙ ሰው ስለ ስሊፒንግ ባጉ ሲጨነቅ ምንጣፉን ይረሳል። ብርዱ ግን ከታች ነው የሚመጣው። ሁለት ምንጣፍ ያዙ፤ ከሥር ፎም፣ ከላይ የሚነፋ። ብርድ የመከላከል አቅማቸውን የሚያሳየው፣ አር-ቫሊዩ የሚባለው ቁጥራቸው ይደመራል፣ ድምሩ ከ5 ይብለጥ። የሚነፋው ቢቀደድ ፎሙ ያድናችኋል። ስሊፒንግ ባጉ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችል ይሁን። ውድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራዩ። ስኖውሹውንም እንደዚያው።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቦታውን በስኖውሹ ረጋግጣችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ይጠነክራል። ተራ ካስማ ስኖው ላይ አይዝም። ፌስታል ውስጥ ስኖው ሙሉ፣ ገመዱን እሰሩበት፣ ቅበሩት፣ ረግጡት። ጠዋት አውጥታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ስቶቭና ስንቅ

በቆርቆሮ የሚመጣው ጋዝ ብርድ ላይ ይደክማል። እኔ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ስኖው ስታቀልጡ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጉ፣ አለበለዚያ ድስቱ ያርራል። ድንኳን ውስጥ ግን በፍጹም አታብስሉ። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ስንቱን እንደገደለ ታውቃላችሁ፤ ይህም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የሞቀ ውሃ በማይፈስ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር አድርጋችሁ ተኙ። ጠዋት ትጠጡታላችሁ።

ከሱቅ የሚገዛው ጣፋጭ ብርዱ ላይ ድንጋይ ይሆናል። ቆሎ ግን ያው ቆሎ ነው። ጭኮ ቅቤ ስላለው ጉልበት ይሰጣል፤ ኪስ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ማታ በሶ በሙቅ ውሃና በማር በጥብጬ ሳልጠጣ አልተኛም።

ከመውጣት በፊት

ብቻችሁን አትውጡ። ተራራው ላይ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ የማድርበት ቦታ፣ መኪናዬ የቆመበት፣ የታርጋ ቁጥር፣ የምመለስበት ሰዓት። ወረቀቱን ለእህቴ ሰጥቼ፣ «እሁድ ማታ እስከ 2 ሰዓት ካልደወልኩ 911 ደውዪ» ብያት ነው የምወጣው።