በደብር ቅጥር ግቢ ያለ የአርበኞች መቃብር አጠጋገንና አዘካከር

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን የተዋጉ አርበኞች ያረፉባቸው መቃብሮች በየደብሩ ቅጥር ግቢ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ሣር ውጧቸዋል። ሊያድሳቸው የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ ሰበካ ጉባኤውንና የሟቹን ቤተሰብ ማስፈቀድ አለበት። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ሳያገኙ መንካት አይገባም።

ከጥገናው በፊት የሚቀድመው ጽሑፉን አንብቦ መመዝገብ ነው። የደበዘዘ ፊደል እኩለ ቀን ላይ አይታይም፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ግን ጥላው ቅርጹን ያወጣዋልና ፎቶግራፉ ያን ጊዜ ይነሣ። የጠፋው ፊደል በነጥብ ይተካ እንጂ በግምት አይሞላ። በግዕዝ አኃዝ የተቀረጸ ዓመት ሲያጋጥም ፮ን ከ፯ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል። «አባ» የሚል ቃል ያየ ሁሉም ሟቹን መነኩሴ ነው ብሎ እንዳይመዘግብ ይጠንቀቅ፤ የአፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደሆነው ሁሉ የጦረኛው የፈረስ ስም ሊሆን ይችላል።

ለማጽዳት ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። ቆሻሻው ወርዶ መስመር እንዳይሠራ ከታች ወደ ላይ እየታሸ ይታጠባል፤ በድንጋዩ ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበትም በእንጨት ስንጥር በቀስታ ይነሣል። የሽቦ ብሩሽ፣ አሲድና በረኪና የድንጋዩን ገጽ ስለሚበሉ ፈጽሞ አይነኩ፤ ገጹ መላጥ ከጀመረም ሥራውን ማቆም ነው። በመቃብሩ ላይ የበቀለ ዛፍ ከሥሩ ቢነቀል ድንጋዩን ይዞ ስለሚወጣ በአፈሩ ልክ መቁረጥ ይሻላል።

የተሰነጠቀው መጋጠሚያ በኖራና በአሸዋ ይሞላ፤ ሥራውም ቶሎ እንዳይደርቅ ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክርና እርጥበት ስለማያስወጣ፣ ውሎ አድሮ የሚፈርሰው ድንጋዩ ራሱ ይሆናል። ቤተሰብ በቅን ልቡና አሮጌውን ድንጋይ በሴራሚክ ሲያለብስ አይቻለሁ፤ እንደ እኔ ግን ይህ ከሣሩ የባሰ ጥፋት ነው፤ ሣር ቢያንስ ይታጨዳል።

መታሰቢያውን ከድል ቀን፣ ከሚያዝያ 27፣ ጋር ማያያዝ ለሕዝቡ ይቀላል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተሠዉት ደግሞ ዕለቱ ራሱ አለላቸው። ካህናቱ በጸሎት የሚጠሩት በክርስትና ስም ሲሆን ድንጋዩ ላይ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊታውራሪ ወይም ቀኝአዝማች ከሚል ማዕርግ ጋር የዓለም ስም ነው። ስለዚህ የክርስትናውን ስም የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው ከፎቶግራፉ ጋር ይመዝገብ፤ አንዱ ቅጂ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በቤተሰቡ እጅ ይቀመጥ።