የጃፓን ጥንታዊ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያዎች አለያየት

በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የእሳት አጥፊ ዋና ሥራ ቤት ማፍረስ እንጂ ውሃ መርጨት አልነበረም። ቤቶቹ እንጨት በመሆናቸው ነፋሱ እሳቱን ወደሚወስድበት አቅጣጫ ያሉትን ቀድመው ንደው የሚበላውን ያሳጡት ነበር። እንግዳ ዕቃ ካጋጠመዎ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ይጎትታል? ምን ይገፋል?» የሚለው ነው።

በብዛት የሚገኘው ቶቢጉቺ ነው፤ እንደ ጭልፊት ምንቃር ወደ ታች የጎበጠ ብረት በጠንካራ እንጨት ዘንግ ላይ የተሰካበት። ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ሹል ነው። ከቀጭን ድቡልቡል ብረት ታጥፎ የተሠራው አጭር ሜንጦ ግን ብዙውን ጊዜ የዓሣ ገበያ ወይም የጭነት ሠራተኛ ዕቃ ነው። ግንድ ጎታቾችም ቶቢጉቺ ስለሚጠቀሙ ቅርጹ ብቻ አያረጋግጥም፤ የእሳት አጥፊ ቡድን ምልክት ወይም ጽሑፍ ይፈልጉ።

ከዚያ ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር ይዩ። ለረጅም ዘመን አብረው ከኖሩ ዝገቱ እንጨቱን አጥቁሮታል። ብረቱ ዝጎ በዙሪያው ያለው እንጨት ንጹሕ ከሆነ እጀታው በኋላ የተተካ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ሳሱማታ ለመግፋት የሚያገለግል፣ ባለ ረጅም ዘንግ መንታ ብረት ነው። ከመንታው በታች ዘንጉ ላይ እሾሃማ ብረት ከተለበጠ፣ ተያዡ እንዳይጨብጠው የተሠራ የወንጀለኛ መያዣ ነው።

ርዩዶሱይ የእንጨት ሣጥን ፓምፕ ነው፦ በላዩ ሁለት ወገን የሚወዛወዝ ዘንግ፣ መሐሉ ላይ የውሃ መውጫ። ውሃ የሚሞላው በባልዲ ነው። ግፊቱ ደካማ ስለነበር ይበልጥ የሚያገለግለው ሰዎችንና ጣሪያን ለማራስ ነበር። የብረት ሲሊንደርና የውሃ ጎማ ካለው ከ1868 በኋላ የመጣው የሜይጂ ዘመን ፓምፕ ይሆናል። መውጫው ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሣጥኑ ብቻ ይሸጣል። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ውሃ አይሙሉበት፤ የደረቀው እንጨት ሲያብጥ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

በሣጥኑ ጎን ጃፓኖች ዓመት የሚቆጥሩበት የዘመን ስም በቀለም ተጽፎ ካለ ዓመቱን ማስላት ቀላል ነው። ቴንፖ የተባለው ዘመን በ1830 ስለጀመረ ቴንፖ 5 ማለት 1834 ነው፤ ሜይጂ 20 ደግሞ 1887። ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጽሑፉ በጭረቶቹ ውስጥ ከገባ፣ ሣጥኑ ካረጀ በኋላ የተጻፈ ነው።