ለስኪ ዘርማት ከመሄዳችሁ በፊት፦ ገንዘብም ዕረፍትም የሚያስበሉ ስህተቶች

«ዘርማት ልንሄድ ነው፣ የትኛውን ሆቴል እንያዝ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አብዛኞቹ ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ተጫውተው አያውቁም። ገንዘቡ አላቸው፣ ጉጉቱም አላቸው። ግን ጥያቄያቸው ከሆቴል የሚጀምር ከሆነ ነገሩ ከመነሻው ተበላሽቷል። የስኪ ዕረፍት ውድ የሚሆነው በክፍሉ ነው፤ የሚያምረው ወይም የሚመረው ግን በሌላ ነገር ነው።

ሆቴል በኮከብ ብዛት መምረጥ

ስዊዘርላንዷ ዘርማት ከማተርሆርን ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዳጅ የሚጠጣ የግል መኪና አይገባባትም። መኪና ይዞ የመጣ 5 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ታሽ አቁሞ በባቡር ይገባል። ከተማው ውስጥ ያሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ታክሲዎችና አውቶቡሶች ናቸው። ቀሪው በእግር ነው።

ወደ ተራራው የሚያወጡት መስመሮች (ሊፍት የሚባሉት) ሦስት ናቸው፤ መነሻቸውም የተራራቀ ነው። የጎርነርግራት ባቡር ከዋናው ጣቢያ ፊት ለፊት ይነሳል። ወደ ሱኔጋ የሚወጣው በዋሻ ውስጥ የሚሄድ ባቡር ከወንዙ ማዶ ነው። ላይኛው ጫፍ ወደሆነው ማተርሆርን ግሌሸር ፓራዳይዝ የሚያደርሰው ኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ማመላለሻ) ደግሞ ከተማዋ ደቡብ ጫፍ ላይ ይገኛል።

አሁን የስኪ ጫማ አድርጋችሁ አስቡት። ጫማው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አያጥፍም። ትከሻ ላይ ሁለት ረጅም ስኪ፣ በአንድ እጅ ዱላዎቹ፣ በሌላው የሚያለቅስ ልጅ። መንገዱ የረጋ በረዶ ነው። ይህን ጉዞ ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ ከሊፍቱ አጠገብ ካለው ባለ አራት ኮከብ አይሻልም። ለጀማሪ ደግሞ ሱኔጋ በኩል ማደር ይመረጣል፤ የጀማሪዎችና የልጆች መለማመጃ ያለው እዚያው ላይ፣ ላይሴ ሐይቅ አጠገብ ነውና።

ሆቴሉን የምትጠይቁት እንዲህ ነው፦ ከደጃችሁ እስከ ሊፍቱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? የራሳችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ያመላልሳል? ጫማ የሚደርቅበት ሙቅ ክፍል አላችሁ? ስለ ስፓው በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ከፍታን አንድም መናቅ፣ አንድም ያለቅጥ መፍራት

ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። ራስ ዳሸን ይበልጠዋል። (ይህን ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው የሚያጣሩ ዘመዶች አሉኝ።) ዘርማት ራሷ ያለችው 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚያድረው ከቤቱ ዝቅ ብሎ ነው። እንቅልፍ የሚነሳው ከፍታ የለም።

ችግሩ ቀን ቀን ነው። ኬብል ካሩ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 3,883 ሜትር ላይ ያደርሳችኋል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ትንሽ ይቋቋመው ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ግን ከባሕር ጠለል ተነስቶ ነው የሚወጣው፤ የኢትዮጵያ ደም አለኝ ብሎ መመካት አያዋጣም። በመጀመሪያው ቀን ሱኔጋ ላይ ዋሉ፤ እሱ 2,288 ሜትር ነው። ጫፉን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን አቆዩት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። «ትንሽ ልረፍና ይተወኛል» ማለት የለም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ሐኪም ያማክር።

ሌላ ቦታ የምትመርጡ ከሆነ የምታድሩበትን ከፍታ እዩ። ፈረንሳይ ያለችው ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባን ታክላለች። ኮሎራዶ ያለችው ብሬከንሪጅ ግን 2,900 ሜትር ታልፋለች። እዚያ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ሊያሳጡ ይችላሉ። በእነዚያ ቀናት መጠጥ ቀነስ፣ ውኃ በዛ ይደረግ።

ሁሉም በሚሄድበት ሳምንት መሄድ

በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመታቸው መካከል ያለው ሳምንት የዓመቱ ውዱ ነው። የካቲትም ብዙ አይሻልም፤ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ የሚዘጉበት ጊዜ ነውና ዋጋው ይወጣል፣ የሊፍት ሰልፉም ይረዝማል።

ለእኛ ሰው ግን አንድ የተመቸ ክፍተት አለ፦ ከእኛ ገና ማግስት እስከ ጥምቀት ማለፊያ። ፈረንጆቹ በዓላቸውን ጨርሰው ቤታቸው ገብተዋል፣ የሆቴል ዋጋ ወርዷል፣ በረዶው ጥሩ ነው። ጾሙም ተፈትቷል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የዚያ አገር ዝነኛ ምግብ ፎንዲዩና ራክሌት ነው፤ ሁለቱም የቀለጠ አይብ ናቸው። በነቢያት ጾም ወይም በዐቢይ ጾም ሄዳችሁ እራት የተካተተበት ውድ ጥቅል ከገዛችሁ፣ የከፈላችሁበትን ሰሃን እያያችሁ ድንች ትበላላችሁ። በጾም መሄድ ግድ ከሆነ ክፍሉን ከቁርስ ጋር ብቻ ያዙ። «ቪገን ነን» ብላችሁም አስቀድማችሁ ጻፉ። ቬጀቴሪያን ካላችሁ አይብ ይዘው ይመጣሉ።

የጥር ጉዳቱ ብርዱ ነው። ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ቀኑም አጭር ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው መጋቢት ይሻላል፤ ግን ያው ዐቢይ ጾም ነው። ምርጫው የእናንተ ነው።

«ባለቤቴ ያስተምረኛል»

አያስተምርሽም። ለሁለት ሰዓት ታግሶ፣ ከዚያ ተቆጥቶ፣ ጥሎሽ ወደ ላይ ይወጣል። ትዳር የሚፈተንበት ቦታ ቢቆጠር አንዱ የጀማሪዎች መለማመጃ ሜዳ ነው። ክፍሉን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ትርፉን ለግል አስተማሪ አውሉት። እኔ ብሆን የማልሳሳለት ወጪ ይሄ ነው። በውዶቹ ሳምንታት ጥሩ አስተማሪ ቶሎ ያልቃል፤ ከሆቴሉ ጋር አብራችሁ ያዙት።

ከአሜሪካ ወይም ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ የመንሸራተቻ መስመሮቹን ቀለም ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ቀላሉ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ መካከለኛ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ አረንጓዴ የለም፤ ቀላሉ ሰማያዊ፣ መካከለኛው ቀይ፣ ከባዱ ጥቁር ነው። ከአውሮፓ ወደ ኮሎራዶ የሚሄድ ጀማሪ «ሰማያዊ ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ ከገባ ይጎዳል።

ጀማሪ ሆናችሁ ጣሊያን ድረስ የሚያሻግረውን የሊፍት ፓስም (የሊፍት መሳፈሪያ ካርድ) አትግዙ። ድንበሩን ተሻግሮ ቼርቪኒያ ምሳ መብላት ለሚችል ሰው ትልቅ ደስታ ነው። ነፋስ ሲነሳ ግን ላይኛዎቹ ሊፍቶች ይዘጋሉ፣ የመጨረሻው ሊፍትም ሊያመልጥ ይችላል። ያኔ በመኪና ተራራውን ዞሮ መመለስ የሰዓታት መንገድ ነው፤ የታክሲው ሂሳብ ምሳውን ያስረሳል።

ልብስ ገዝቶ ጫማ መርሳት

የሚያማምር የስኪ ልብስ ይገዛና ጫማው በችኮላ ይከራያል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ስኪውንና ጫማውን እዚያው ተከራዩ፣ ግን ሳትቸኩሉ ለኩ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ አውራ ጣት የጫማውን ጫፍ ነካ ያደርጋል፤ ጉልበት ስታጥፉ ወደኋላ ይመለሳል። ልኩ ይሄ ነው። አንድ ረጅም የስኪ ካልሲ ብቻ፤ ሁለት ደርቦ መልበስ እግር ያደነዝዛል እንጂ አያሞቅም። የውስጥ ሱሪውን ጫማው ውስጥ አትጠቅጥቁ፤ እጥፋቱ ቅልጥም ላይ እየተጫነ ያሰቃያል። ከጥጥ የተሠራ ነገር ሰውነት አያስጠጉ፣ ላብ ይዞ ይበርዳል። ጂንስማ ጭራሽ አይታሰብ።

ሴቶች ፀጉራችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አስቡበት። ወደ ላይ የታሰረ ፀጉር ወይም ወፍራም ብሬድ ላይ ሄልሜት አይገባም፣ ቢገባም ግንባር ላይ ይንጠለጠላል። ቀጭን፣ ወደ ኋላ የወረደ ሹሩባ ፍጹም ነው።

ፀሐይዋንም አትናቋት። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን ጎጂ ጨረር ወደ ፊታችሁ ይመልሳል። ጥቁር ቆዳ ከዚህ አያድንም፤ ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ በታች ሳይቀር ክሬም ተቀቡ። ያለ መነፅር የዋለ ዓይን ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል።

በቪዛ ኢንሹራንስ መሄድ

ለሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ውሎች ግን ስኪን አያካትቱም። ዘርማት ውስጥ እግሩ የተሰበረን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወርደው ሄሊኮፕተር ነው፤ ሂሳቡ ይላካል። ውሉ ላይ ስኪ፣ የተራራ ነፍስ አድንና ሄሊኮፕተር የሚሉት ተጽፈው እዩ። ከተከለለው መስመር ውጭ መንሸራተት ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል። ተራራው ላይ ያለው ግግር በረዶ ስንጥቆች ስላሉት ያለ ተራራ መሪ ከመስመር መውጣት በኢንሹራንስም የሚካስ ነገር አይደለም።

የደረሱ ዕለት ስኪ ማሰብ

ከዙሪክ ዘርማት በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ ከጄኔቫ አራት ገደማ፤ ሁለቱም ፊስፕ ላይ ባቡር ያስቀይራሉ። ሌሊት በርራችሁ ጠዋት ብትደርሱ እንኳ ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን ጫማ ለኩ፣ ፓሱን ውሰዱ፣ ከተማዋን ዞር ዞር በሉ፣ በጊዜ ተኙ። አስተማሪውን ለማግስቱ ጠዋት ቅጠሩት።