ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ የእርምጃን ልክ በንግግር መለካት

ከድንገተኛ የልብ ሕመም አገግሞ እንቅስቃሴ እንዲጀምር ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው፣ በሜዳማ መንገድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ በመራመድ ጀምሮ ጊዜውን ቀስ በቀስ ቢያራዝም ይመረጣል። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። የልብ ምትን መቁጠር ብቻውን አያስተማምንም፤ ለብዙ ታካሚዎች የሚታዘዙት ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶች ምቱን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ ሰውነት ከአቅሙ በላይ እየደከመም ቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን አጨራረሱን ነው፤ በድንገት መቆም ደም በእግር እንዲጠራቀምና ራስ እንዲያዞር ሊያደርግ ስለሚችል፣ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እርምጃን እያቀዘቀዙ መጨረስ ይገባል። የደረት ሕመም ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆም፣ በእረፍት ካልተሻለም አፋጣኝ የሕክምና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።