የመስኮት ዳር መቀመጫ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያስቆጨው ስህተት የአውሮፕላኑን ጎን ሳያስቡ መስኮት ዳር የተገኘውን ወንበር መያዝ ነው። ፊቱን ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ላደረገ መንገደኛ «ኤ» የሚል ፊደል ያለው ወንበር በግራ ጫፍ ይገኛል፤ የቀኙ ጫፍ ግን አንድ መተላለፊያ ብቻ ባላቸው አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ «ኤፍ»፣ በሰፋፊዎቹ ደግሞ «ኬ» ነው። ከዴልሂ ወደ ካትማንዱ የሚበር ሰው የሂማላያን ተራሮች የሚያየው በግራው በኩል ስለሆነ፣ በመልሱ ጉዞ ያንኑ የ«ኤ» ወንበር ቢይዝ ተራሮቹ ከወዲያኛው ጎን ይቀሩበታል።

ሌላው ስህተት ፀሐይን መዘንጋት ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት በምትመታው መስኮት ላይ እያንዳንዱ ጭረት ያንጸባርቃል፤ ከታች ያለው ምድርም ደብዝዞ ይታያል። ጠዋት ወደ ሰሜን ሲበሩ ፀሐይ በቀኝ ስለምትሆን ግራው ይመረጣል፤ ወደ ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከፀሐይ በተቃራኒ ያለው ጎን ሌላም ጸጋ አለው፤ ከበታች ደመና ሲኖር የአውሮፕላኑ ጥላ በላዩ ያርፍና ዙሪያውን ባለቀለም ቀለበት ይከበዋል፤ ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ መፈለጉ አይቀርም። ሆኖም የሚጓጉለት ተራራ በፀሐይ በኩል ከሆነ፣ ብርሃኑን ታግሶ ተራራውን መምረጥ እንደሚሻል አምናለሁ።

ክንፉ ላይ መቀመጥም ምድሪቱን ይጋርዳል። ከክንፉ ፊት ያሉት ረድፎች ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ከክንፉ ኋላ የሚቀመጥ ሰው ወደ ጅራቱ ራቅ ቢል ይመረጣል፤ ሞተሩ በክንፍ ሥር በሆነ አውሮፕላን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር ምስሉን ያርገበግበዋልና። እንደ ኤቲአር 72 ያሉት ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖች ግን ክንፋቸው ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ ክንፉ ምድሪቱን የመጋረዱ ሥጋት አነስተኛ ነው።

መስኮት ዳር የተባለ ወንበር ሁሉ መስኮት አለው ብሎ ማመንም ያሳዝናል። በቦይንግ 737 መስኮቶቹ በ50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ሲደረደሩ፣ የኢኮኖሚ ክፍል ረድፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በ76 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚራራቁ ሁለቱ በየረድፉ አይገጣጠሙም። ከክንፉ ፊት በሚገኝ ስፍራም የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ ጭራሹኑ መስኮት የሌለው ወንበር ይገኛል። የረድፍ ቁጥሩ እንደ አየር መንገዱ ስለሚለያይ፣ የዚያኑ አውሮፕላን የመቀመጫ ካርታ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

የሚያርፉበትን ከተማ ለማየት ብቻ ጎን መምረጥ ግን ብዙ አያስተማምንም፤ አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ ስለሆነ፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ከተማዋ የምትታይበት ጎንም ሊለወጥ ይችላል።

በመጨረሻም፣ ነጸብራቅ የሚከለክል ፖላራይዝድ መነጽር አድርጎ ማየት በመስኮቱ ፕላስቲክ ላይ የቀስተ ደመና ዓይነት ቀለማት ስለሚያሳይ፣ ወደ ውጭ ሲመለከቱ ማውለቁ ይሻላል።